የመገበሪያው ስንዴ

የቤት ሥራ ትዕግሥት ያስተምራል የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። እንዲህ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አኑረው የማያውቁ ናቸው። አንድ ጊዜ አብሮኝ የሚያስተምር ሰው፣ ሻይ እየጠጣን፣ «እናንተ እኮ ጠባይ የተማራችሁት ጥሬ ስትለቅሙ ነው» አለኝ። ጥሬ ስለቅም የተማርኩትን ብነግረው ሻዩ ይቀዘቅዝበት ነበር። ለእሱ ያልነገርኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ያደግኩት ሰቆጣ፣ ቄስ ቤት ነው። አባቴ ከቤታችን በላይ ባለው ደብር ይቀድሳል። እናቴ ከሰቆጣ ወዲያ ያለው የዝቋላ ገጠር ልጅ ናት፤ አፏን የፈታችው በአገውኛ ነው፤ አማርኛን የለመደችው አባቴን አግብታ ከተማ ከገባች በኋላ ነው። ገበያ ላይ ለመከራከር የሚበቃ አማርኛ ነበራት። ሲከፋት ወይም ሲጨንቃት ግን ቃሉ ይጠፋትና ወደ አገውኛዋ ትመለሳለች። ከእኔ በላይ አንድ ወንድም ነበረኝ፤ ቅኔ ልማር ብሎ ጎጃም ከወረደ ስድስት ዓመት አልፎታል። ወሬው የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም በመንገደኛ ቄስ አፍ።

ቅዳሴ ባለ ቁጥር ለቁርባኑ ኅብስት የሚሆን ስንዴ ያስፈልጋል፤ መገበሪያ ይባላል። መፍጨቱ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የምትኖር የአንዲት መነኩሲት ድርሻ ነበር፤ መልቀሙ ደግሞ የእኛ ቤት ድርሻ። በእኛ ደብር ልማድ ይህን ስንዴ የሚነካው እጅ ወይ የመነኩሲት ወይ የወር አበባ ያላየች ልጅ እጅ መሆን አለበት። የመነኩሲቷ ዓይን ደክሟል። እናቴን ልማዱ አይፈቅድላትም። እኔ ቀረሁ።

ሰው «ክብር ነው» ይለኝ ነበር። ክብሩ ይህን ይመስላል። በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት እጄን እስከ ክርኔ እታጠባለሁ፣ አፌን በነጠላ እሸፍናለሁ፣ ደጃፍ ላይ ቁርበት አንጥፌ አንድ ቁና ስንዴ ከፊቴ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ጭብጥ ጭብጥ እያደረግኩ ሰፌድ ላይ እየበተንኩ፣ ጠጠሩን፣ ሲናሩን፣ የተሰበረውን፣ የነቀዘውን አወጣለሁ። ከሁሉም በላይ የሚፈራው እንክርዳድ ነው። ከስንዴ ቀጠን የምትል፣ መልኳ ደብዘዝ ያለ ፍሬ ናት፤ ዱቄት ውስጥ ከገባች ራስ ታዞራለች፣ ታሰክራለች። ቆራቢ ሰው ደጀ ሰላሙ ላይ አዞረው ቢባል የሚጠፋው የአባቴ ስም ነው። ይህን በየሳምንቱ ይነግሩኝ ነበር፣ እንዳልረሳው።

ስጨርስ እናቴ ትመጣለች። እጇን ስንዴው ውስጥ አታስገባም፤ ሥርዓት ታውቃለች። ሰፌዱ ላይ ጎንበስ ትልና በአንዲት የእንጨት ስንጥር ገለጥ ገለጥ ታደርገዋለች። ከዚያ ስንጥሯ አንድ ቦታ ትቆማለች። «ይኸውልሽ» ትላለች። እንክርዳድ። አንዳንዴ ሁለት ወይም ሦስት። ያን ጊዜ የለቀምኩትን ሁሉ ካልተለቀመው ጋር ትደባልቀዋለች፤ እኔም ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። አልቅሼ አውቃለሁ። ወገቤ እስኪቆረጥ ጎንብሼ፣ ዓይኔ ውሃ እያዘለ፣ አሥር ጊዜ ያየሁትን ስንዴ አሥራ አንደኛ ጊዜ ማየት ምን እንደሆነ ያላየው አያውቀውም።

አባቴ በዚያ ሲያልፍ መቋሚያውን ይዞ ይቆምና፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል። ተረቱን ከመናገሩ በላይ የሚያበግነኝ ፈገግታው ነበር። እኔ አንዲት ፍሬ አላፈሰስኩም። የምታፈስሰው እናቴ፣ የምለቅመው እኔ። ተረቱ ለሁለት ሰው የተሠራ አይደለም። ይህን ለአባቴ መናገር ግን ነውር ነው፤ «እሺ አባባ» ብዬ አንገቴን እደፋለሁ።

የሚያስቸኩለኝ ነገር ነበር። ከገበያው ማዶ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተከፍቶ እኔም ገብቼ ነበር፣ ሦስተኛ ክፍል ደርሻለሁ። አባቴን ያሳመነው ማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ አንድ ቀን ብቻ ቅዳሴ ውሎ መጣና፣ «የመገበሪያውን ሥራ እየጨረሰች ትሂድ» አለ። እናቴ ምንም አላለችም። ያ ዝምታዋ ፈቃድ መስሎኝ ነበር። ከተነገረው ሁሉ ግን የሚያስቸግረው «እየጨረሰች» የሚለው ነበር። መገበሪያ ሰንብቶ አይለቀምም፣ በዋዜማው ጠዋት ነው የሚለቀመው። የበዓል ዋዜማ ደግሞ አያልቅም። ሚካኤል አለ፣ ማርያም አለች፣ መድኃኔ ዓለም አለ። በወር ውስጥ አራት አምስት ጠዋት ሰፌድ ላይ አጎንብሼ የትምህርት ቤቱን ደወል ከሩቅ እሰማለሁ።

አስተማሪያችን ከደሴ በኩል የመጣ ወጣት ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ሕጉን ግን ይወድዳል። በዚያ ዓመት ዘግይቶ መምጣት ስለበዛበት አዲስ ደንብ አወጣ፦ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ የዘገየ ተማሪ ስሙ ይሰረዛል፣ አባት ይዞ ቢመጣም አይመለስም። ደንቡ በወጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ዘገየሁ። ሁለቱም ጊዜ እናቴ እንክርዳድ አግኝታ ስንዴውን ስለደባለቀችብኝ ነው። ወሩ ሊያልቅ አሥር ቀን ቀርቶት፣ የማርያም ዋዜማ ደረሰ።

ያን ቀን ጎሕ ሲቀድ ተቀመጥኩ። ስንዴው አባቴ ከደሃና ያስመጣው አዲስ ስንዴ ነበር። አንድ ጊዜ ዐየሁት። እንዳልሳሳት ብዬ ሁለተኛ ጀመርኩ። እናቴ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ወረደች። እሷ ከዓይኔ እንደራቀች ጓደኛዬ ከአጥሩ ውጭ ጠራችኝ።

ጓደኛዬ የጨው ነጋዴ ልጅ ነበረች፤ እስላም ናት። አንድ አግዳሚ ላይ ነው የምንቀመጠው። በየጠዋቱ በእኛ በር ታልፍና አብረን እንሄዳለን። ገባ ብላ ስታየኝ፣ «እስካሁን?» አለች። «ዛሬ ከዘገየሽ ሦስተኛሽ ነው። ሰውየው ይሰርዝሻል።»

«ዐውቃለሁ፤ ሂጂ አንቺ» አልኳት።

አልሄደችም። እጇን እኔ ከታጠብኩበት በተረፈው ውሃ ታጠበችና ቁርበቱ ላይ ተቀመጠች። ይህ ስንዴ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ሰቆጣ ውስጥ የማያውቅ የለም። ልከለክላት አፌን ከፈትኩ፣ ደወሉ ታወሰኝ፣ አፌን ዘጋሁ። እሷም ሥራ ስትጀምር እንደለመደችው «ቢስሚላህ» ብላ ሰፌዱን ወደ ራሷ ሳበችው። እኔ በድንጋጤ «በስመ አብ» ብዬ አማተብኩ።

«በቃ ሁለታችንም ባርከነዋል» አለች።

ሳቅኩ። ወዲያው ፈራሁ። እሷ ግን ጣቷ ፈጣን ነው፤ አባቷ እህልም ስለሚገዛ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታበጥር ነው ያደገችው። ትንሽ ቆይታ፣ «ይህን ያህል የምትሠቃዪው ለምንድን ነው?» አለች። «ይህ የደሃና ስንዴ ነው። ጠጠር አለው፣ ሲናር አለው። እንክርዳድ ግን የለውም። አባዬ ከዚያ የመጣውን ሳያስበጥር ነው የሚገዛው።»

«እናቴ ሁልጊዜ ታገኛለች» አልኳት።

«እንግዲህ እንይ» አለች። እሷ ዐየችው፤ እኔ ዐየሁት፤ ሰፌዱን ተቀያይረን እንደገና ዐየነው። አንዲት እንክርዳድ የለም። ፀሐይዋ ገና የአጥሩን ራስ እንኳ አልነካችም። ነጠላዬን ቀይሬ እንሂድ ብዬ ስነሣ እናቴ ከምንጭ ስትመለስ ዐየኋት፤ ጓደኛዬም በሩጫ ከአጥሩ ውጭ ወጣች።

እናቴ እንስራዋን አወረደች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቁጢጥ ብላ ሰፌዱ ላይ ጎንበስ አለች። ስንጥሯን አነሣች። «ይኸውልሽ» አለች።

ሁለት እንክርዳድ።

እዚያ ላይ ነው አፌ ያመለጠኝ። «ሐሰት ነው» አልኩ። እናትን ሐሰት ነው ማለት ምን እንደሆነ ያገሬ ሰው ያውቀዋል። «ይህ ስንዴ እንክርዳድ የለውም እምዬ። ሁለት ሆነን ሁለት ጊዜ ዐይተነዋል።»

«ሁለት ሆነን?» አለችኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እናቴ ቀና ብላ ወደ አጥሩ ተመለከተች። በድንጋዩ ካብ ላይ የጓደኛዬ ቀይ ሻሽ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ተደብቃ መሆኗ ነው። የመገበሪያ ስንዴ በእስላም ልጅ እጅ መነካቱን እናቴ በዚያች ቅጽበት ገባት። ፊቷ ተለወጠ። ልትነሣ ስትል ጭኗ ላይ የነበረው የነጠላዋ ጫፍ ተንሸራተተ። ጨውና መርፌ የምትቋጥርበት ጫፍ ነው። ቋጠሮው ላልቶ ነበር። ከውስጡ ትንሽ ጥሬ ቁርበቱ ላይ ፈሰሰ፤ ዝቅ ብዬ ዐየሁት። በሙሉ እንክርዳድ ነው።

የእኔ ጥፋት ከአጥሩ ውጭ ቆሟል፣ የእሷ ቁርበቱ ላይ ተበትኗል። እሷ ብትከሰኝ ልከሳት እችላለሁ፤ እኔ ብከሳት ልትከሰኝ ትችላለች። አባቴ ቢሰማ የትኛው ይብስበት እንደነበር እስካሁን አላውቅም። እጇን ስንዴው ውስጥ ላለማስገባት በስንጥር ስትገልጥ የኖረች ሴት፣ ለቁርባን በተዘጋጀ ስንዴ ውስጥ እንክርዳድ ስታንጠባጥብ ከርማለች። የተሰማኝ ማዘን አልነበረም። ንዴት ነው። ያለፉት ጠዋቶች ሁሉ አንድ በአንድ መጡብኝ፤ ወገቤ፣ ዓይኔ፣ ለቅሶዬ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች»።

«ስንት ጠዋት በላሽብኝ?» አልኳት።

አማርኛው ጠፋት። በአገውኛ ነው የመለሰችልኝ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «ወንድምሽ ሲሄድ ሁለት ዓመት ነው ብሎኝ ነበር» አለች። «ትምህርት የምትሉት ነገር ልጅ ሲወስድ ነው ያየሁት፤ ሲመልስ አላየሁም። ሰውየው ስምሽን ቢሰርዘው ከቤት ትውያለሽ ብዬ ነው።»

መልስ ሳልሰጣት አባቴ ከደብሩ ሲወርድ መቋሚያው ድንጋይ ሲመታ ሰማን። እናቴ የተበተነውን እንክርዳድ በነጠላዋ ጠረግ አድርጋ ሸፈነችው። አባቴ በር ላይ ቆሞ፣ «ደረሰ?» አለ።

«ገና ነው» አለችው እናቴ። «ስንዴው አልጠራም።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረና ፈገግ አለ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ልጮህ ፈልጌ አላውቅም። «እሺ አባባ» አልኩ።

እሱ ሲሄድ እናቴ ያንን ስንዴ ወደ ቤት አስገብታ ለራሳችን እህል አደረገችው። ሌላ አንድ ቁና አምጥታ ከፊቴ አስቀመጠች። ምርጫ አልነበራትም፤ ሁለታችንም ያበላሸነውን ወደ መቅደስ መላክ አይቻልም። እኔም ምርጫ አልነበረኝም። ጓደኛዬን በዓይኔ ሸኘኋትና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ደወሉ ሲደወል ግማሽ እንኳ አልደረስኩም። እናቴ ጓዳ ገብታ አልወጣችም።

ትምህርት ቤት ስደርስ አስተማሪው በር ላይ ነው ያገኘኝ። መዝገቡን ከፍቶ ስሜ ላይ የተሰመረውን መስመር አሳየኝ። «ደንቡን ታውቂዋለሽ» አለኝ። ምን እላለሁ? እውነቱን ብናገር እናቴን በአገር ፊት አዋርዳለሁ፣ ጓደኛዬንም አስመታለሁ። ተመለስኩ። ቤት ገብቼ፣ «ተሰረዝኩልሽ» አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ እንድትደሰትም ፈልጌ ነበር፣ ለመጥላት እንዲመቸኝ። እሷ ግን የያዘችውን ድስት እንደያዘች ቆማ ቀረች።

የማርያም ዕለት ሁላችንም አስቀደስን። በማግሥቱ ጠዋት እናቴ የክት ነጠላዋን ለበሰች። «ነይ» አለችኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኩም። ከፊት ከፊት እየሄደች ገበያውን አቋርጣ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣች። ከዚያ በፊት እግሯ ያንን ግቢ ረግጦ አያውቅም።

ክፍሉ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አደግድጋ ለአስተማሪው እጅ ነሣች። ልጆቹ ሁሉ ዞረው ያዩናል። ልትናገር ጀመረች፤ «መምህር፣ እርስዎ…» አለችና አማርኛው ጥሏት ጠፋ። ደግማ ሞከረች። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። ያን ጊዜ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ በአገውኛ ተናገረችው፦ «ልጄ ጥፋት የለባትም። እንክርዳዱን የምጨምረው እኔ ነበርኩ። እንድትዘገይ ብዬ ነው። የሚሰረዝ ካለ እኔ ልሰረዝ።»

አስተማሪው ወደ እኔ ዞረ። አገውኛ አይሰማም። «ምንድን ነው የሚሉት?» አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ አገውኛ የሚሰሙ ልጆች ነበሩ፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ ያለ ስለነበር ከእኔ በቀር የሰማት ያለ አይመስለኝም። ንዴቴ አልበረደም ነበር። አንድ ቃል ሳልጨምር የተናገረችውን ማስተላለፍ እችላለሁ፤ እውነት ነው፤ እሷም የመጣችው ለዚያ ነው። የእናቴን እጆች ዐየሁ፤ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጠውታል።

«ታምሜ ነበር ነው የምትለው» አልኩት። «ውሃና እንጨት በእኔ ላይ ስለወደቀ ነው የዘገየሁት። ይቅርታ ያድርጉላት ትላለች።»

እናቴ መናገሩ ጠፋት እንጂ መስማቱ አልጠፋትም። ቀና ብላ ዐየችኝ። አስተማሪው ደነገጠ፤ «እግዜር ይማርዎ እማማ፣ ይህን ማን ነገረኝ?» አለና መዝገቡን አውጥቶ በመስመሩ ላይ ስሜን እንደገና ጻፈው። እናቴ እጅ ነሥታ ወጣች። በሩ ድረስ ሸኘኋት።

«ማታ ትመጫለሽ አይደል?» አለችኝ፣ በአማርኛ።

«እመጣለሁ» አልኩና ሮጬ ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ሰፌዱን መርምራልኝ አታውቅም። ስጨርስ ትመጣለች፣ ቆም ብላ ታይና «ጥሩ» ብላ ትሄዳለች። ያረፍኩ መስሎኝ ነበር። የሚመረምረኝ ሲጠፋ ግን ራሴ መመርመር ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ ያየሁትን ሦስተኛ አያለሁ፤ ለዚያም ብዬ ገና ሳይነጋጋ እነሣለሁ። እንደዚህ የሚያናድድ ነገር የለም። ዛሬ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም ሦስቴ የማየው በዚያ ምክንያት ነው። ትዕግሥት ይሉታል። እኔ ትዕግሥት አልለውም፤ ከዚያ ጠዋት በኋላ ሰው ያየልኝን ነገር ማመን አቅቶኝ ነው።

ልጅነቴ ሲያበቃ መገበሪያው ወደ ጎረቤት ልጅ ተላለፈ። ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ ደሴ ሄድኩ። እናቴ ስንቅ ስትቋጥርልኝ ማታ ትመጫለሽ አላለችም። ከደሴ ወደ መምህራን ማሠልጠኛ፣ ከማሠልጠኛው ወደ ሥራ። ደብዳቤ እልክ ነበር፣ አባቴ ያነብላታል። ሰቆጣ የተመለስኩት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፣ ለአንድ ሳምንት ፈቃድ፣ ጫማ ተጫምቼ።

አባቴ አርጅቷል። እናቴ ጉንጬን ሳመችው፣ ሳመችው፣ ከዚያ እንደ ሹም መደብ ላይ ጋቢ አንጥፋ አስቀመጠችኝ። ቤታችን ያቺው ናት። ውሃ አምጥታ እግሬን ልታጥበኝ ስትል ተከራከርኳት፣ አሸነፈችኝ። በማግሥቱ ጠዋት ደጃፍ ላይ ቁርበት አንጥፋ ለቤት የሚሆን ስንዴ ስትለቅም አገኘኋት። ዓይኗ ደክሟል፤ ሰፌዱን ወደ ብርሃን እያዘነበለች፣ ፊቷን አስጠግታ ነው የምታየው። ጎኗ ተቀመጥኩና ሰፌዱን ወደ ጭኔ ሳብኩት።

ቀስ ብላ መልሳ ወሰደችው።

«ተዪው ልጄ» አለችኝ። «እንግዳ አይለቅምም።»

ስትናገር አልተቆጣችም፣ አልቀለደችም። ልጅ ሆኜ በየዋዜማው የለመንኩት ይህንኑ ነበር፤ ሰፌዱን ከጭኔ የሚያነሣልኝ ሰው። እንግዳ አይደለሁም ልላት አፌን ከፈትኩ። የመመለሻዬ ቀን ቅዳሜ ነበር፣ እሷም ታውቀዋለች። እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ እሷ እስክትጨርስ ቁጭ ብዬ ዐየኋት።